ሳትነሳ የቆመችው ጂቲኦና ወራሿ

እኔ ቨርጂል ኦስትራንደር፣ በሚሺጋን ግዛት በሳጊናው ነዋሪ የሆንሁና ዕድሜዬ ሰማንያ አንድ ዓመት የሞላ፣ ዛሬ ማክሰኞ ኦክቶበር 15 ቀን 2019 በገዛ ቤቴ ጋራዥ ውስጥ በበርጩማዬ ላይ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን ኑዛዜ በቃሌ ሰጥቻለሁ። የምናገረውን የምትጽፈው ጠበቃዬ ወይዘሮ ናዲን ክራውስ ናት። ምስክሮቼ ጎረቤቴ ወይዘሮ ግሌንዳ ፕሩዊትና የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ተጫዋች አቶ ሃርላን ቦይድ ናቸው። እዚህ የሚባለው ሁሉ፣ ቀልዱም ቁጣውም፣ አንድ ሳይቀር እንዲጻፍ አዝዣለሁ። ጠበቃዬ ይህ የተለመደ አይደለም ብላለች፤ እሱም ይጻፍ።

አእምሮዬ ሙሉ ነው። ጠበቃዬ ይህን ለማረጋገጥ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ መለስሁላት። እኔም በተራዬ እዚህ በቆመችው መኪናዬ ስምንቱ ሲሊንደሮች እሳት የሚያገኙበትን ተራ ጠየቅኋት፤ አላወቀችም። አንድ፣ ስምንት፣ አራት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ሁለት ነው። ከሁለታችን የማንኛችን አእምሮ እንደሚያጠራጥር አንባቢ ይፍረድ። ልቤ ግን እንደ አእምሮዬ አይደለም፤ የሚመጣው በረዶ ሲቀልጥ ማየቴን ሐኪሜ እንደሚጠራጠር ነግሮኛል።

ከጋራዡ በር ውጭ፣ ከፖስታ ሳጥኑ አጠገብ፣ እጁን አጣጥፎ የቆመው ሰው ታናሽ ወንድሜ ሜርል ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ደጅ አልረገጠም። ዛሬም የመጣው ጠበቃዬ በደብዳቤ ስለጠራችው ነው፤ እኔ ብጠራው አይመጣም ነበር። ወራሽ የሆነ ሰው ምስክር መሆን ስለማይችል ውጭ መቆሙ ሕግ ያከበረ ያስመስለዋል፤ እውነቱ ግን ኩርፊያ ነው። በሩ ክፍት በመሆኑ የምለውን ሁሉ ይሰማል። በዚህ ኑዛዜ ውስጥ ከባዱ ጉዳይ የሱና የኔ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የማወራው ድፍረት እስካገኝ ነው።

አንደኛ። ቤቴን ከነዕቃው፣ ከዚህ በታች ለይቼ ከምጠራው በቀር፣ ለአንዲት ልጄ ለረኔ ሰጥቻለሁ። ረኔ ደግና ጎበዝ ልጅ ናት፤ አንድ ጥፋት ብቻ አለባት። ባለፈው ዓመት ድምፅ የሌላት መኪና ገዝታ እንደ ስልክ ግድግዳ ላይ እየሰካች ታሳድራታለች። ግቢ መድረሷን የማውቀው የበሩ ደወል ሲጮህ ብቻ ነው። ጂቲኦዋን፣ ማለት እዚህ የቆመችውን አሮጌ መኪናዬን፣ ለሷ ያልተውሁበት ምክንያት ግን ይህ አይደለም፤ «አባዬ በሞቴ፣ ያንን ዝገት ለኔ እንዳታወርሰኝ» ብላ ስለለመነችኝ ነው። ልጄና እኔ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሳንጨቃጨቅ የተስማማነው በዚህ ነገር ብቻ ነው።

ሁለተኛ። የኩሽናው ኦቭን ለማንም አይሰጥ፤ ይጣል። የሞተር ቀለም እሳት ካልመታው አይጠነክርም፤ ስለዚህ በዚህ ሥራ ያለን ሰዎች ሁሉ የቀባነውን ዕቃ በሚስቶቻችን ኦቭን እንጋግራለን፤ የማይጋግር ካለ ይዋሻል። አንድ ጊዜ ሎሬታ፣ ነፍሷን ይማረውና ባለቤቴ፣ ገበያ በሄደችበት የሞተሩን ክዳኖች አስገብቼ አወጣሁ። በማግስቱ የምስጋና በዓል ነበር፤ የበዓሉ ትልቅ ዶሮ፣ ተርኪው፣ እዚያው ተጠበሰ። ግሌንዳ ተጋብዛ ነበርና አሁን አንድ ቃል ልጨምር ብላለች።

«ቆዳው ሰማያዊ ነበር» አለች።

«ሽታ ነበረው እንጂ ሰማያዊስ አልነበረም።»

«ቨርጂል፣ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።»

የ1967 ሥሪት ሞተር ቀለሙ ሰማያዊ መሆኑን አልክድም፤ ተርኪው ዘንድ መድረሱን ግን እክዳለሁ። ሎሬታ ሰሃኗን ጨርሳ በላችና «ዘንድሮ ጠንከር ብሏል» አለች።

ሦስተኛ። መኪናዋን ከወንድሜ ጋር ስንፈታ እያንዳንዱን ቡሎን በትንሽ ከረጢት አድርጌ ከየት እንደወጣ ጽፌበታለሁ። እነዚህ ከረጢቶች ከመኪናዋ ጋር ይሄዳሉ። ከሁሉ የሚበልጠውንና «ከየት እንደወጣ አይታወቅም» የሚለውን ከረጢት ግን ለአቶ ሃርላን ሰጥቻለሁ። ሃርላን የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን በፈታ ቁጥር አንድ ነገር ስለሚተርፈው ይጽናናበት። ሃርላን የተረፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ብሏል፤ ቃሉ ይመዝገብለት።

አራተኛ። ለአሮጌ መኪና ማኅበራችን ምንም አልተውሁም። እነዚህ ሰዎች ባትሪ ይዘው የሰው መኪና ሥር በጀርባቸው እየገቡ በቡሎን ራስ ላይ የተመታውን ምልክት ያነባሉ። የፋብሪካ ተቆጣጣሪዎች በቀለም ጠመኔ የሚጭሩትን ምልክት እንኳ በቀጭን ብሩሽ አስመስለው ይሥላሉ፤ በመኪና ትርዒት ላይ ያልሣለ ሰው ነጥብ ይቀነስበታል። በ1967 መኪናዋን በሠራው ፋብሪካ ውስጥ ያንን ምልክት ከሚጭሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ቀኝ እጄ ሳንድዊች ስለሚይዝ በግራዬ እጭር ነበር። ባለፈው ትርዒት አንዱ በአጉሊ መነጽር አይቶ «ይህ ጭረት ወደ ቀኝ መዝመም ነበረበት» ሲል ገሠጸኝ። ያን ጊዜ የጫርሁት እኔ ነኝ ብዬ ብነግረው «እንግዲያው ያን ጊዜም ተሳስተሃል» አለኝ።

በነሱ ብስቅም የነሱ በሽታ በኔም አለ። በሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥርና የመኪናዋ ቁጥር ካልገጠመ መኪናዋ በነሱ ዓይን ምንም አይደለችም፤ በኔም ዓይን እንደዚያው ነበረች። ቀጥሎ የምናዘዘው ኃጢአት የመጣው ከዚህ ነው።

አምስተኛ። ይህችን ፖንቲያክ ጂቲኦ ሜርልና እኔ ከአንድ ገበሬ መጋዘን ጎትተን ያወጣናት የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት ነው። ወለሏን ዝገት ጨርሶት፣ መቀመጫዋ ውስጥ አይጥ ወልዶበት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜርል የዛገውን እየቆረጠ አዲስ ቆርቆሮ ይበይድ ነበር፤ እኔ ስቱኮ እየቀባሁ በብርጭቆ ወረቀት እፈትግ ነበር። ብየዳው ከኔ ይሻላል። ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«አልሰማሁም፣ ድገመው» አለ ሜርል ከውጭ።

ሰምቷል፤ አይደገምም።

በ2010 ሞተሩን ገጥመን ለማስነሳት አንድ ሳምንት ሲቀረን የአጋዘን አደን የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። የዚህ አገር ሰው ለዚያ ቀን ሲል ሠርግ ያስተላልፋል። ሜርል ወገቡን አሞት ቀረ። እኔ በምሄድበት ጠዋት ሞተሩ ያፈስ እንደሆነ ለማየት በችኮላ ባዶ ውሃ ሞላሁበት። ወዲያው ስለማራግፈው በረዶ የሚከላከለውን ፈሳሽ አልጨመርሁም። በዚህ መሃል ጓደኞቼ ደጅ ላይ የመኪና ጥሩምባ ነፉ፤ ጠመንጃዬን አንሥቼ ወጣሁ፤ ውሃውን ረሳሁት። አምስት ቀን ጫካ ከርሜ አንድ አጋዘን ሳልመታ ብመለስ ውሃው በረዶ ሆኖ ብሎኩን፣ ማለት የሞተሩን ዋና አካል፣ ጎኑን አንድ ስንዝር ሰንጥቆት አገኘሁ። ያ ብሎክ ቁጥሩ ከመኪናዋ ጋር የሚገጥም፣ ምትክ የማይገኝለት ነበር።

በዚያው ቅዳሜ የማኅበሩ ሰዎች ሞተሩን ሊያዩ መጡ። «ውሃውን የሞላው ማነው?» ብለው ጠየቁ። አፌ «ሜርል» አለ። ሜርል እዚሁ ቆሞ ነበር። አየኝ፤ በእጁ የያዘውን መፍቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ኮቱን ለብሶ ሄደ። ቢሰድበኝ ኖሮ ያን ዕለት ጥፋቴን አምን ነበር። ዝም ስላለኝ ግን እኔም ዝም አልሁ፤ ነገሩ ዘጠኝ ዓመት አደረ። ከአሮጌ መኪና ሜዳ ሌላ ብሎክ ገዛሁ፤ ቁጥሩ አይገጥምም። ብቻዬን ስታገል ኖሬ አንድም ቀን አላስነሳኋትም።

ስለዚህ በምስክሮች ፊት እናገራለሁ። ውሃውን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ሜርል ንጹሕ ነው። ይህ ቃሌ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ይነበብ። ከሁሉ የሚቆጨኝ የሎሬታ ነገር ነው፤ የዛሬ አራት ዓመት ስታርፍ ጥፋቱ የሜርል መሆኑን አምና ሄደች። በቀብሯ ዕለት ሜርል ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆሞ አየሁት፤ ግባ አላልሁትም። በዚህ አፍራለሁ። ጂቲኦዋን ከነከረጢቶቿና ከነመፍቻው ሁሉ ለወንድሜ ለሜርል አውርሻለሁ።

እዚህ ላይ ሜርል ወደ ጋራዡ ገባ። የተባባልነው እንደሚከተለው ነው።

«ሎሬታ ታውቅ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«ያን ቀን ጠዋት የውሃውን ጎማ ወደ ጋራዡ ስትጎትት በኩሽና መስኮት አይታሃለች። በሳምንቱ እኔ ቤት መጣች። ከዚያ እስክትታመም ድረስ በየወሩ ራሷ የጋገረችውን የቼሪ ፓይ ይዛልኝ ትመጣ ነበር።»

«እኔንማ ለመዘምራኑ ነው ትለኝ ነበር።»

«መዘምራኑ እኔ ነኛ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«እኔም ጠየቅኳት። ‹ራሱ ያውጣው፤ ከገፋነው ደግሞ ይክዳል፣ አንዴ ከካደ አይመለስም› አለችኝ። ‹እስከዚያ አንተ ፓይህን ብላ› አለችኝ፤ በላሁ።»

ጠበቃዬ ብዕሯን አስቀመጠች። እኔ አለቀስሁ፤ እሱም ይጻፍ። ሎሬታ አምስት ዓመት ሙሉ ከውሸቴ ጋር አንድ ገበታ እየቀረበች፣ አንድ ቀን ይወጣው ይሆናል ብላ ስትጠብቀኝ እንደኖረች የገባኝ ዛሬ ነው። ሳይወጣኝ ሞተች።

«ይቅር በለኝ» አልሁት።

«የዘጠኝ ዓመቱን ነገር በአንድ ቃል ልትገላገለው ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ እንጃልህ። መኪናዋን ግን በኑዛዜ አልቀበልም።»

«አቶ ሜርል፣ እምቢታዎን ልመዝግበው?» ስትል ጠበቃዬ ጠየቀች።

«ይመዝገብልኝ። ይሄ ሰውዬ ከሞተ በኋላ ለብቻዬ ልታገላት ነው እንዴ? ብየዳህ ጠመመ እያለ ማን ሊነዘንዘኝ ነው?»

«እውነቱን ነው» አለች ግሌንዳ።

«ግሌንዳ፣ አንቺ የመጣሽው ለምስክርነት እንጂ ለዳኝነት አይደለም» አልኋት።

በዚህ ምክንያት አምስተኛው ቃሌ ተሻሽሏል። ጂቲኦዋ ከሞትሁ በኋላ ሳይሆን ከዛሬ ጀምሮ የሜርል ናት። ቁጥሩ በማይገጥም ብሎክ ትነሣ፤ ግድ የለኝም። ጠበቃዬ ይህ እውነት መሆኑን ጠይቃኛለች፤ ትንሽ ግድ ይለኛል፤ ቢሆንም ትነሣ። ለራሴ የማስቀረው አንድ መብት ብቻ ነው፤ እሱም በዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሜርልን ሥራ መንቀፍ ነው። ይህ መብት በሞቴ ይቋረጣል፤ ለረኔም ሆነ ለማኅበሩ አይተላለፍም።

ለልጄ አንድ ምክር አለኝ። ረኔ፣ ያጠፋሽውን በዚያው ዕለት ተናገሪ፤ ካደረ አፍ ይከብዳል። እኔ ሞክሬው አውቃለሁ።

ይህ ኑዛዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ተብሎ ተነቧል። ግሌንዳ ስለ ተርኪው ቆዳ የሰጠችውን ቃል አላነሣም ስላለች እንዳለ ቀርቷል። የቀረው ሁሉ ቃሌ መሆኑን በፊርማዬ አጸናለሁ።

ተናዛዥ፦ ቨርጂል ኦስትራንደር

ምስክር፦ ግሌንዳ ፕሩዊት

ምስክር፦ ሃርላን ቦይድ

ጸሐፊና ጠበቃ፦ ናዲን ክራውስ

ወንድሜ ሜርል በሕግ ምስክር መሆን ባይችልም ከሥር አንድ ነገር ልጻፍ ብሎ ብዕሩን ተቀብሏል። በገዛ እጁ የጻፈው ይህ ነው፦

«ሰምቻለሁ። ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ። ሳትሞት ጠብቀኝ። ሜርል።»