የባለቤቴን ሐሳብ ከእኔ ቀድሞ ላወቀው ድረ ገጽ

ይድረስ ለተከበሩ የድረ ገጹ የደንበኞች መረጃ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ማየት የማይሰለቻቸው ዓይኖችዎና መመዝገብ የማይታክታቸው ጣቶችዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ሙቀታችንም እንደሚያውቁት ነው፤ እርስዎማ የማያውቁት ምን አለ! ለወጉ ያህል ራሴን ላስተዋውቅ፦ ሙሄ እባላለሁ፤ ጋምቤላ ከተማ ጨርቅ በሜትር የምሸጥ ነጋዴና የወይዘሮ ጦይባ ባል ነኝ። ከተጋባን አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖናል። እርስዎ ከእርሷ ጋር ከተዋወቁ ሁለት ወር አይሞላም፤ በዚህች አጭር ጊዜ ግን እኔ ያልደረስኩበት ደርሰዋልና እንኳን ደስ ያለዎት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በቤታችን ያለው ዘመናዊ ስልክ አንድ ነው። ቀን ከእኔ ጋር ሱቅ ይውላል፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የጦይባ ነው፤ እሷም ማታ ማታ የእርስዎን የገበያ ገጽ ታያለች። ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ዜና ላነብ ስከፍት በጎን በኩል የእርስዎ ማስታወቂያ ብቅ አለ፦ የሚከራይ ሱቅ፣ መቲ ከተማ። ዘጋሁት። የኳስ ውጤት ላይ ስሄድ የልብስ ስፌት መኪና መጣ። እሱንም ዘጋሁት። ዝናብ ይኖር እንደሆነ ላይ ብዬ ሌላ ገጽ ስከፍት ደግሞ ፍራሽ አሳዩኝ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን። ይሄኛውን አልዘጋሁትም። የእኛ ፍራሽ የሁለት ሰው ነው።

እኔ አንዱንም ፈልጌ አላውቅም፤ ማታ ስልኩን የምትይዘው ጦይባ ናት። አልደብቅዎትም፣ ቀናሁ። መጀመሪያ የቀናሁት በሰው ነበር። የቡና አገር በሆነችው መቲ ማን አላት፣ ከማን ጋር ነው የምትወጥነው እያልኩ ሁለት ቀን ራሴን ስጠይቅ ሰነበትኩ። ለቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ልብስ ሰባት ሜትር ላዘዙኝ ለመምህር ኩን አራት ሜትር ቆርጬ ሰጠኋቸው። መምህር ኩን ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራሉ። ምን ሆነሃል ሲሉኝ ስልኩን አሳየኋቸው፤ እሳቸውም ሳቅ ብለው “ሙሄ፣ እዚህ ሰው የለም። ኩኪ ነው። አንተ ራስህ ኦኬ ብለሃል” አሉኝ። ድረ ገጽ ሲከፈት ስልካችን ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ እንደሚያኖር፣ ስንመለስ እሷን አንብቦ እንደሚያውቀን፣ አንዳንዷ ማስታወሻ ለሥራው የምታስፈልግ ስትሆን ሌላዋ ግን ከገጽ ገጽ የምትከተለን የማስታወቂያ ሰዎች ንብረት እንደሆነች አስረዱኝ። ያን ጊዜ ቅናቴ ሰው አጥቶ ወደ እርስዎ ዞረ። አቤቱታዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ፤ እርስዎ ፈቃድ መጠየቅ ስለሚወዱ ነው።

፩ኛ. ፈቃድ ሰጥተኸኛል እንደሚሉ አውቃለሁ። “ሁሉንም እቀበላለሁ” የሚለው አረንጓዴ ቁልፍዎ የመዳፍ ያህል ነው፤ ዓይኑ የደከመም አይስተውም። “አልቀበልም” የሚለውን ለማግኘት ግን “ምርጫዎች” የሚል ግራጫ ጽሑፍ ፈልጌ፣ እሱን ከፍቼ፣ አጋሮቻችን የሚሏቸውን ሰዎች ዝርዝር ወደ ታች መግፋት ነበረብኝ። ጣቴ ሲደክም አጋሮችዎ ገና አላለቁም። እንዲህ ያለ ሰፊ ዘመድ ያለው ሰው በዕድሜዬ አላየሁም፤ አላህ ያብዛልዎት። አረንጓዴውን የተጫንኩት ግን እኔው ነኝ፣ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

፪ኛ. በሙያም ቀንቼብዎታለሁ። አንዲት ሴት ሱቄ ገብታ ሰማያዊ ጨርቅ ዳስሳ ብትወጣ፣ እኔም ጨርቁን ተሸክሜ እስከ ቤተ ክርስቲያኗ ደጅ፣ ከዚያ እስከ ሐኪም ቤት ወረፋ፣ ከዚያም እስከ ቤቷ ብከተላት የሰፈር ጎረምሶች ባሮ ድልድይ ሳልደርስ ልክ ያስገቡኛል። እርስዎ ይህንኑ ሲያደርጉ ስሙ አገልግሎት ነው። ምስጢሩን ቢያካፍሉኝ ውለታዎን አልረሳም።

፫ኛ. ዋናው ይህ ነው፤ ለመጻፍም ከበደኝ። ከመምህሩ ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ ቤቴ ገብቼ ጦይባን ትተሽኝ ልትሄጂ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ጦይባ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። “ሦስት ጊዜ ነገርኩህኮ” አለችኝ። “ቡና ሲለቀም መቲ ላይ ስፌት ልክፈት፣ ሁለት ሳምንት እዚያ ሁለት ሳምንት እዚህ እሆናለሁ ብዬህ እሺ አልከኝ። ማደሪያ ፍራሽ ያስፈልገኛል ብዬህ እሺ አልከኝ።” ብዬ ይሆናል፣ ክቡር ሆይ። ጨርቅ እየዘረጋሁ ለሁሉም እሺ እላለሁ፤ ለደንበኛም፣ ለቀበሌም፣ ለሚስቴም። አንድም ሳላነብ ሁሉንም ተቀብያለሁ። እርስዎ ግን የትኛው ስፌት መኪና ላይ ረጅም ጊዜ እንደቆየች፣ ስንት ጊዜ ተመልሳ እንዳየችው ጭምር መዝግበዋል። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ እኔ በተቀመጥኩበት ቤት የሚሰማት እርስዎ ብቻ ነበሩ።

፬ኛ. አራተኛም ነበረኝ፣ ስጽፍ ጠፋብኝ። እርስዎ ዘንድ ተመዝግቦ ከሆነ ይላኩልኝ።

እንግዲህ ያደረግነውን ላሳውቅዎ። መምህር ኩን የቀረቻቸውን ሦስት ሜትር ሊወስዱ ሲመጡ ጦይባን ጠርቼ ሦስታችንም ስልኩ ላይ ተደፋን። ድረ ገጽ ወደምንከፍትበት ማሰሻ ቅንብር ገብተን የተጠራቀሙትን ኩኪዎች ሰረዝን፤ የሌሎች ወገኖች የሚባሉትን፣ እነዚያን ከገጽ ገጽ የሚከተሉንን፣ ከእንግዲህ እንዳይገቡ አገድን፤ ከእርስዎ ገጽም ለሥራው የግድ የሚያስፈልጉትን ብቻ ፈቀድን። መምህሩ ገጽዎ ላይ በመግዣ ቅርጫት ውስጥ ያለ ዕቃ ይጠፋል ብለው አስጠንቅቀውን ነበር፤ እውነትም ጦይባ መርጣ ያስቀመጠችው ስፌት መኪና ጠፋ። የትኛው ነበር ብላ ወደ እኔ ዞረች። ሜትሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ንገሪኝ አልኳት። ጥቁር፣ በእግር የሚሠራ፣ መብራት ቢጠፋ የማይቆም፣ በቀኝ በኩል መሳቢያ ያለው ነው። እስከ መጨረሻው ሰማኋት፤ አሁን ከእርስዎ እኩል አውቃለሁ። እርስዎም ከዚያ ቀን ወዲህ ለጋምቤላ ሰው የሱፍ ካፖርትና የእጅ ሹራብ እያሳዩ ነው፤ ማንነታችን እንደጠፋብዎ በዚህ ተረድቼ፣ እውነቱን ልንገርዎትና፣ ብቻዬን ስቄአለሁ።

ላደረጉልኝ ትምህርት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ያልተነገርዎትን ሁሉ የሚያውቁ እርስዎን፣ የተነገረኝን እንኳ የማላውቅ እኔ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለአጋሮችዎ ሁሉ በየስማቸው፣ ዝርዝሩ ካለቀ፣ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ከቅናት ጋር፣
ሙሄ፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ጋምቤላ

ማስታወሻ፦ ጦይባ ቅዳሜ ማለዳ ወደ መቲ ትሳፈራለች። ፍራሹን ጠቅልዬ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ፍራሽ ይህን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ዘመናዊውን ስልክ እሷ ትወስደዋለች። እንደ ድሮው ቢሆን መድረሷን ገጽዎን በከፈተችበት ቅጽበት ከእኔ ቀድመው ያውቁ ነበር፤ አሁን ግን “አልቀበልም” የሚለው ቁልፍ የት እንደተደበቀ አሳይቻታለሁ። እኔ አሮጌዋን ባለ ቁልፍ ስልኬን ይዤ እቀራለሁ። በዚያች ስልክ የሚገባው የሰው ድምፅ ብቻ ነው። ጦይባ እንደደረሰች እደውላለሁ ብላለች፤ ስትነግረኝ ሰምቻለሁ።