በር ላይ የተጋደመ በርጩማ

ወንድምዬ፣ እንዴት ከረምክ? ሱቄ ውስጥ እየሸጥክልኝ ነው ወይስ ወሬ እያወራህበት?

እዚህ ሰው አገር ሞሎቹ “የዓለም ትልቁ እኔ ነኝ” እያሉ ይፎካከራሉ፤ አንዱ በስፋቱ፣ ሌላው በሱቆቹ ብዛት። ትናንት የገባሁበት የእኛን ገበያ በሙሉ አንድ ፎቁ ላይ ይውጠዋል። ግን ጭር ብሏል። ተንቀሳቃሽ ደረጃው ሰው ሳይዝ ይወጣል፣ ሰው ሳይዝ ይወርዳል።

አንድ ጨርቅ ቤት በር ላይ በርጩማ ተጋድሞ አየሁ። እንደኛው መደዳ ልማድ፣ ባለቤቱ በርጩማውን አጋድሞ ለጎረቤት ትቶ፣ ብቅ ብሎ ሊመለስ መስሎኝ፣ እስኪመጣ ልጠብቅለት ብዬ ቁጭ አልኩልህ! እግሬ እስኪደነዝዝ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ዘበኛው መጣ፤ ለካ ያገራችን ልጅ ነው።

“አባባ፣ ማንን እየጠበቁ ነው?”

“ባለሱቁን፤ እስኪመለስ ነው።”

ሊስቅ ብሎ ተወው። “እሱማ ከሄደ ቆየ። ማዶ ከዚህ የሚበልጥ ሲከፈት ገበያተኛው ሁሉ ወደዚያ ነጎደ። በርጩማውን ያጋደምኩት እኔ ነኝ፣ ሰው እንዳይገባ።”

ማዶ ያለውንም ሄጄ አየሁት። ሰው ይተራመስበታል። ከጎኑ ግን እሱን የሚበልጠው እየተቆፈረ ነው።

የእኛን መደዳ እንዳሉት አፍርሰው በቦታው ሞሉን ሲሠሩ፣ አንተን ታች እኔን ሰባተኛ ፎቅ ቢያደርጉን፣ ብቅ ብዬ ልምጣ ስል ሱቄን ማን ያይልኛል? ከትናንት ጀምሮ ይኸው ነው የሚከነክነኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እትዬን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። እስክመጣ በርጩማዬን አደራ።