ከምልክቱ በላይ የሞላሁት ዘይት

ይቤ፣ የልጆቼ አባት፤

ከተለየኸን አሥር ወር አለፈ። እስከ ዛሬ አንዲት መስመር ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ የምነግርህ ነገር ስለሚያሳፍረኝ ነው። መቃብርህ ዘንድ ስመጣ እንኳ ጸሎቴን ቶሎ አድርሼ ነው የምመለሰው። ቆም ካልኩ የምትጠይቀኝ ይመስለኛል። ዛሬ ግን ቁርጤን አውቄ ተቀምጫለሁ፤ እንደ ልማዴ ዙሪያ ጥምጥም ብሄድም ታገሠኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ትልቋ ልጃችን ብርቱካን ቡሬ ካምፓስ ገብታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣና ያደፈ ልብሷን እኔ ላይ ጥላ እስከ ምሳ ትተኛለች። ታናሿ ቁመትህን ወርሳ የጓዳውን በር ጎንበስ ብላ መግባት ጀምራለች። ያፈስ የነበረው ጣሪያ ተጠግኗል። እኔም ያው ፍኖተ ሰላም ገበያ ጤፌን እሸጣለሁ፤ ከቋሪት እህል የማመጣው ግን ራሴ እየነዳሁ ነው። መንጃ ፈቃድ ካላወጣሽ እያልክ ጨቅጭቀህ እስክታስወጣኝ ድረስ ሰው ይስቅብኛል ብዬ ስንት ጊዜ እንዳኮረፍኩህ ታስታውሳለህ። አሁን ለምደውኛል። ባጃጆቹ ሲያዩኝ መንገድ ይለቁልኛል፤ ከአክብሮት ይሁን ከፍርሃት ግን አላውቅም።

ፒካፗም ደህና ናት። በማን ምክንያት ደህና እንደሆነች ነው የምነግርህ።

ከመንገድ ስትገባ ሞተሩን ሳታጠፋ ከበራችን ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ታቆማት ነበር። ፍሬኑን ረግጠህ የማርሹን ዘንግ በየቦታው ቀስ እያልክ ታዞረውና መልሰህ መቆሚያው ላይ ታደርገዋለህ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተህ ያንን ረጅም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት መለኪያ ትመዛለህ፤ በነጭ ጨርቅ ትጠርገዋለህ፤ ትመልሰዋለህ፤ ደግሞ ትመዘዋለህ። እኔ ምሳው ቀዘቀዘ እያልኩ በሩ ላይ ቆሜ፣ ለኔ እንኳ እንዲህ ተጨንቀህ አታውቅም እያልኩ አሾፍብህ ነበር። አንተ ግን ጠርተህ ታሳየኛለህ። ታችኛው ምልክት መኪናዋ ገና ሳትሞቅ የሚታይበት ነው፤ ላይኛው በደንብ ተነድታ ከሞቀች በኋላ ነው፤ ዘይቱ ሲሞቅ ከፍ ይላል፤ ቀዝቃዛውን እስከ ላይኛው ድረስ የሞላ ሰው ጉድ ይሆናል ትለኝ ነበር። እሺ እሺ እልሃለሁ። ልቤ ግን ገበያ ላይ ነበር።

አርባህ ሲደርስ ተዝካርህን በተቀበርክበት በቋሪት ልናወጣ ተዘጋጀን። ሳምንት ሲቀረው ጋሽ አስማረ መጡ፤ መሪ ያስጨበጡህ፣ ከመካኒክነታቸው ይልቅ ታላቅ ወንድም የሆኑልህ ጋሽ አስማረ። ዳገት ልትወጣ ነው ብለው ፒካፗን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ዘይቱ ልክ ነው፣ እንዳትነኪው ብለውኝ ሄዱ።

እንዳትነኪው መባሌ ነው መሰለኝ ያናደደኝ። አንተ ከሞትክ ወዲህ ሁሉም ሰው እኔን እንደ ሕፃን ማዘዝ ጀምሮ ነበር። በጉዞው ዕለት ጠዋት ጠላውና እንጀራው ተጭኖ ሲያበቃ ሞተሩን አስነሳሁና ወዲያው ኮፈኑን ከፈትኩ። አንተ እንደምታደርገው መዘዝኩ፣ ጠረግኩ፣ መለስኩ፣ መዘዝኩ። ዘይቱ ታችኛው ምልክት ላይ ነው። ጎድሏል አልኩ። ከወንበሩ ጀርባ ካስቀመጥከው ቀይ ዘይት አመጣሁና እስከ ላይኛው ምልክት ሞላሁ። በዚያም አላበቃሁም። አንተ ታውቀኛለህ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ጤፍ ስሰፍር ልኩ ላይ ምራቂ ሳልጨምር ደንበኛ ሸኝቼ አላውቅም። ልኩ ብቻ ንፍገት ይመስለኛል። ለአርባህ የምትሄድ መኪና ላይማ ልንፈግ ነው ብዬ ምራቂውን ጨመርኩላት።

እኔው ነዳኋት፤ ሜዳውን ጥሩ ሄደች። ዳገቱ መሀል ላይ ስንደርስ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አትጎትትም። የሚያቃጥል ሽታ መጣ፤ ከሥሯ ቀዩ ዘይት መንጠባጠብ ጀመረ። ከኋላችን በሚኒባስ የሚከተሉት ካህናትና ዘመዶች ወርደው ከበቡን። ጋሽ አስማረም ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከመሀላቸው ወጡ። እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፌን ከፈትኩባቸው። የባሌን መኪና አበላሸህ አልኳቸው። አዎ፣ አንተ አልኳቸው፤ አንተ ራስህ አንቱ እያልክ የኖርካቸውን ሰው። ባሌ ሲሞት ንቀኸኝ ነው የማይረባ ዘይት ያደረግህባት አልኩ። ሌላም ሌላም አልኩ፤ ሁሉን ብጽፈው ወረቀቱም ያፍራል።

መኪናዋን ቀስ ብለው ወደ ኋላ አንከባለው ሜዳ ቦታ ላይ አቆሟት። ሽታው እስኪበርድ ጠበቁ፤ ሞተሩን አስነስተው ለኩ። ከዕቃ ሣጥንህ ውስጥ ያንን ትልቅ ሲሪንጅና ቀጭን ቱቦ አወጡና በመለኪያው ቀዳዳ አስገብተው ዘይቱን እየሳቡ በውኃ ፕላስቲክ መሙላት ጀመሩ። አንዱ ፕላስቲክ ሞልቶ ሁለተኛው ተጀመረ። ያን ጊዜ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «ልጄ፣ ጠዋት ዘይት ጨምረሽባት ነበር እንዴ?» አሉኝ።

ይቤ፣ ገባኝ። በዚያች ደቂቃ የነገርከኝ ሁሉ መጣልኝ። ላይኛው ምልክት፣ ታችኛው ምልክት፣ ሁሉም። አልነካኋትም አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ የፕላስቲኩን ክዳን ጠበቅ አድርገው ወደ ሰዉ ዞሩና፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አብዝቼባት ነው፣ አሁን ተስተካክላለች አሉ። ወንድምህ እንግዲያው ከዚህ በላይ ባይመጡ ይሻላል አላቸው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል ብናገር ይቀር ነበር። ጋሽ አስማረ ነጠላቸውን አንስተው አቧራውን አራገፉና ዳገቱን በእግራቸው ወረዱ። እኛ ወጣን። መኪናዋ ያለ ምንም ችግር ወጣች። ጸሎተ ፍትሐቱ ሲደርስ፣ ሰዉ ሲበላ ሲጠጣ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ ነበር። ሰው ሁሉ ኀዘን መስሎት አጽናናኝ።

ከዚያ ወሬው ፍኖተ ሰላም ገባ። የሟችን መኪና ያበላሸ ሰው ተባሉ። ሹፌሮች ሌላ ጋራዥ መሄድ ጀመሩ። በበራቸው ሳልፍ ወዲያ ማዶ አይ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን አንሥተው ሰላም ይሉኛል። ቢሰድቡኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤት መጥታ የልጇን መኪና ለማን እናሳየው ብላ ጠየቀችኝ። «ለአስማረ ብቻ አታሳዩት» አልኳት። አፌ ሳላስበው ነው ያለው፤ ለምዶት። ስትወጣ ራሴን ጠላሁት። ያን ቀን እህል ውኃ አላሰኘኝም።

በማግስቱ ፒካፗን እየነዳሁ ጋራዣቸው ሄድኩ። አምስት ስድስት ሹፌሮች ነበሩ፤ ሰው እስኪበተን ልጠብቅ አስቤ ነበር፣ ግን የሰደብኳቸው በሰው ፊት ነው። በዚያው ሁሉን ተናገርኩ። ዘይቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ዋሽቼ ያወረድኳቸውም እኔ ነኝ አልኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። ከሹፌሮቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ወጣ።

ጋሽ አስማረ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ከዚያ እስከ መናኸሪያው ድረስ ነድተሽ አሙቂያትና ተመለሺ አሉኝ። ተመለስኩ። ሞተሩን እንዳላጠፋ ነግረውኝ ንጹሕ ጨርቅ ሰጡኝ። ማርሹን አዞርኩ፣ መዘዝኩ፣ ጠረግኩ፣ መለስኩ፣ መዘዝኩ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። አሁን ምን ታደርጊያለሽ አሉኝ። አልነካትም አልኳቸው። በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኮፈኑን ሲዘጉ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ለሙት ዓመቱ በስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?» አሉኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኋቸውም። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አልኩ።

ይቤ፣ ሙት ዓመትህ ላይ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። አርባህን ግን ልመልስላቸው አልችልም። ከእኔ በፊት የሚያውቁህ ጓደኛህ ለነፍስህ ሲጸለይ ሊሰሙ ይገባቸው ነበር፤ በእኔ ውሸት ቀረባቸው። አልረሳህም ብዬ ብቻ ቃል ብገባልህ ይቀለኝ ነበር፤ እሱንማ ሚስት ሁሉ ትላለች። የኔ ቃል ሌላ ነው። ስምህን ባነሣሁ ቁጥር፣ ለልጆችህ ስለ አባታቸው ባወራሁ ቁጥር፣ በእግራቸው የወረዱትን ጓደኛህንም እነግራቸዋለሁ፤ ያወረድኳቸው እኔ መሆኔንም ሳልደብቅ።

ባለቤትህ