የአባትሽ መርጫና ወንዙ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ሆድሽስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ ማለቴ እኔ ደህና ነኝ፣ አባትሽ ግን ከጎረቤቱ ሁሉ ጋር እየተጣላ ነው።

ጥፋቱ የደብዳቤሽ ነው። “አርግዣለሁ፤ ሐኪሙ ውሃ በደንብ ጠጪ ብሎኛል፤ የቧንቧችን ውሃ ግን ከወንዙ ስለሚመጣ አንዳንዴ መድኃኒት መድኃኒት ይለኛል” ያልሽውን ጮክ ብዬ አነበብኩት። እሱ ያንን ፀጉር አስተካካይ ካገባሽ ወዲህ ስምሽ ሲነሳ እንደሚያደርገው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መርጫውን ይጠግናል። ትንሽ ቆይቶ፣

“የትኛው ወንዝ?” አለ።

“የእኛው ነዋ! ሌላ ወንዝ አለን እንዴ?”

መቼም ታውቂዋለሽ፣ ቲማቲሙ ላይ የተባይ መድኃኒት በረጨ ቁጥር መርጫውን ወንዝ ውስጥ ነው የሚያጥበው። ተው ስለው፣ “ውሃው ይዞት ይሄዳል” ይለኝ ነበር። የት ይዞት እንደሚሄድ ያን ዕለት ገባው።

በማግስቱ ከወንዙ ዳር ያለውን ቲማቲም ሁሉ ነቀለው። ያንን ሲያቆላምጠው የሚውለውን ቲማቲም! ዝናብ ማዳበሪያውን ጠርጎ ወንዝ እንዳይከተው ሳር ይብቀልበት አለ። ከዚያ ዱላውን ይዞ ዳር ላይ ቁጭ። ሽንኩርት የሚያመርተው ጎረቤታችን እንደ ልማዱ መርጫውን ሊያጥብ ቢመጣ፣

“ሰው ይጠጣዋል!” ብሎ ጮኸበት።

“የቱ ሰው? ባለፈው ሳምንት አንተው እዚሁ ስታጥብ አልነበር እንዴ?”

“ባለፈው ሳምንት ልጄ እርጉዝ አልነበረችማ!”

ልጄ አለ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምኜ ያጣሁትን ቃል ለጎረቤት ሰጠው። ሳቄን አፍኜ ወደ ቤት ሮጥኩ፤ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። ሰውየውም ግራ ገብቶት፣ “እንኳን ደስ አለህ” ብሎ መርጫውን እንዳዘለ ተመለሰ።

ዛሬ ደግሞ ወደ ላይኞቹ እርሻዎች ወጥቷል። አስማምቶ ይምጣ ተደብድቦ ይምጣ እንጃ።

ፈጣሪ በሰላም ይገላግልሽ። ባልሽን ሳሚልኝ።

የአውቶቡሱ ሾፌር ሁለት ጀሪካን ውሃ ያደርስልሻል። ከእርሻዎቹ ሁሉ በላይ ካለው ምንጭ የተቀዳ ነው። “እኔ ነኝ የላክሁልሽ በያት” ተብዬ ታዝዣለሁና፣ እሺ፣ እኔ ነኝ። ወገቤን ግን ታውቂዋለሽ፤ ባዶ ጀሪካን እንኳ አላነሳም።

እናትሽ