ከሞት ቀድማ የምትጮህ ጡሩምባ

ለሚዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም፤ መልሱን የሚያመጣልኝ የለም። ከተለያየን ይኸው ሦስተኛው ክረምት ነው። ዝናቡ በረንዳውን ሲመታው አሁንም ፎጣ ይዤ እሮጣለሁ። ያንን የበረንዳ በር "የፊታችን ቅዳሜ እጠግነዋለሁ" እንዳልክ ሄድክ፤ ቅዳሜው አልመጣም። በፎጣ ነው የምንኖረው።

መቼም "እኔ ወሬ አልወድም" እያልክ ጆሮህን ከጋዜጣው ጀርባ እንደምታቆም አውቃለሁ፣ ስለዚህ ወሬውን ላስቀድምልህ። ልጅህ ሲፈን መንጃ ፈቃድ አወጣች። የአንተን መኪና ነው የምትነዳው፤ እንደ አንተው መሪውን በሁለት እጇ አንቃ ስትሄድ፣ ከሲኤምሲ ጉርድ ሾላ ለመድረስ ስንቅ የምትፈልግ ነው የምትመስለው። ከላያችን ያሉት እትዬ አስናቀች ልጃቸውን ዳሩ። ሙሽራው በፎቶ ከታየው በአንድ ክንድ አጥሮ መጣ፤ ይህን እኔ አላልኩም፣ ራሳቸው ደረጃው ላይ አቁመው የነገሩኝ ነው። መንገዱ ተቆፈረ፣ ተሠራ፣ አማረ። አንተ ብታየው ጥርቡን ድንጋይ አንድ በአንድ እየረገጥክ ትፈትሸው ነበር።

ወሬው ይህ ነው። ደብዳቤውን የጀመርኩት ግን ለወሬ አይደለም። አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ለሰው ሁሉ ነግሬ ለአንተ አለመናገር ከበደኝ። ስለ ጡሩምባዋ ነው።

ይዘሃቸው የገባህበት ቅዳሜ ትዝ ይልሃል? ካርቶኑን ስነጥቅህ ጫማ የገዛህልኝ መስሎኝ ነበር። ከፍቼ ሁለት ነጭ ክብ ፕላስቲኮች ሳይ፣ "ይሄ የምን ክዳን ነው?" አልኩህ። አንደኛዋ የጭስ አላርም ናት አልከኝ፤ ሁለተኛዋ ደግሞ የዚያ ስሙን ስጠራ ምላሴ የሚተሳሰርብኝ ጋዝ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ። "ይሄኛው አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስነጥስም። እንቅልፍ መስሎ ነው የሚመጣው" ስትለኝ ሳቅኩብህ። ዕድሜህን ሙሉ አውሮፕላን ስትጠግን የኖርክ ሰው ነህ፤ ለአንተ ማንኛውም ዕቃ የሚፈተሽበትና የሚጣልበት ቀን አለው። ብተውህ የጨው ዕቃዬ ላይ ቀን ልትጽፍ ነበር!

ግድግዳውን ስትበሳ ሕንፃው ሁሉ ሰማ። በሳምንቱ ወሬው ዞሮ እኔው ጋ መጣ፦ "ለሜሳ ሚስቱን የሚጠብቅበት ካሜራ ኮሪደር ላይ ገጠመ።" እንዴት እንደተናደድክ! የእድር ስብሰባ ላይ ብድግ ብለህ፣ ካሜራ አይደለም ብለህ ማስረዳት ጀመርክ። ሰው አልገባው ሲል ወደ ጡሩምባ ነፊያችን ወደ ጋሽ በቀለ ዞረህ፣ "ጋሽ በቀለ የሚነፉት ሰው ከሞተ በኋላ ነው። የእኔዋ ሰው ሳይሞት ትነፋለች። ልዩነቱ ይኸው ነው" አልክ። ጋሽ በቀለም ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ "አንተ ልጅ፣ ከሥራ ልታስወጣኝ ነው እንዴ?" ሲሉ ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን አላርም የሚባል ቃል ቀረ። ጡሩምባዋ ነው።

የፋሲካውንም አልረሳሁትም። የጭሷን ከወጥ ቤቱ በር በላይ ሰቅለሃት ነበር፤ የዶሮውን ቁሌት በጀመርኩ ቁጥር ትጮሃለች። ሽንኩርቱ ገና ሳይጠቁር ትጮሃለች። በርበሬውን ጣል ሳደርግማ ራሷን ሳተች! ወንበር ላይ ወጥቼ ፌስታል አለበስኳትና በፀጉር ላስቲክ አሰርኳት። ከሥራ ስትገባ ቀና ብለህ አየሃት። ትቆጣለህ ብዬ ስጠብቅ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው። ከድስት አጠገብ የሰቀልኳት እኔ ነኝ" አልክና መሰላል አወጣህ። ወደ ሳሎኑ ጣሪያ መሀል ወሰድካት። "ያለ ነገር የምትጮህ ከሆነ ቦታዋን እንቀይራለን እንጂ አፏን አንዘጋም" አልክ። ይህን ያልከው ስለ ፕላስቲክ ነው፤ እኔ ግን ለሰውም የሚሆን ቃል ነው ብዬ ስንቱን ጎረቤት በእሱ አስታረቅኩበት።

የጋዟ ግን ከመጀመሪያውም ቦታዋን አልሳተችም፤ ኮሪደሩ ላይ፣ በመኝታ ቤቶቹ በሮች መካከል፣ ተኝተን እንድንሰማት። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለቱንም በጣትህ ተጭነህ ታስጮሃቸዋለህ። ያረጀውን የፊት ብሩሼን ቀምተኸኝ በዙሪያቸው ያለውን አቧራ ታራግፋለህ። ሲፈን ጆሮዋን ይዛ "አባዬ በቃ!" ስትል፣ አንተ "እሰይ፣ ሰምተሻል ማለት ነው" ትላለህ።

ለሁላችን ጡሩምባ ሰቅለህ ለራስህ ልብ አንዲት ጡሩምባ ሳትሰቅል ሄድክ፣ ለሚዬ። "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ" ያለኝን ሐኪም እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ምን አጠፋ? ምንም። ግን አላልኩትም።

ከለቅሶው በኋላ የወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ሲመጣ የጋዟን እኔ ተጫንኳት። ጮኸች። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ በዚያ ቤት ውስጥ በአንተ ጣት የተሰቀለና ድምፅ የሚያወጣ ነገር እሷና የጭሷ ብቻ ነበሩና። ከዚያ በኋላ አንድም ወር አላለፈኝም።

ባለፈው ዓመት የጋዟ በየደቂቃው እንደ ጫጩት ጭው ማለት ጀመረች። ባትሪ ቀየርኩላት፣ አልተወችም። አውርጄ ገለበጥኳት። ጀርባዋ ላይ በዚያ በጥቁር ማርከርህ፣ በዚያ እንደ ኢንጂነር በተደረደረ ፊደልህ፣ የምትጣልበትን ዓመት ጽፈህ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምረሃል፦ "ከዚህ በኋላ አትመኑኝ።"

ዓመቱ አልፎ ነበር።

አነበብኩት እንጂ አልታዘዝኩህም። ሴት የባሏን የእጅ ጽሕፈት እንዴት ቆሻሻ ውስጥ ትጥላለች? ባትሪዋን አወጣሁና፣ ጭው ማለቷን ስታቆም፣ መልሼ ሰቀልኳት። ለጌጥ። እንደ ፎቶ። "የጭሷ አለች አይደል፣ ትበቃናለች" ብዬ ራሴን አታለልኩ። ለሲፈንም አልነገርኳትም።

ዘንድሮ በሐምሌ እናትህ አዴ መጡ። ከለገጣፎ ማዶ ለቀው ሲመጡ ደስ አለኝ፤ ቤቱ ውስጥ በእሳቸው አፍ የአንተ ሳቅ ይሰማል። በመጡ በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በረታ፣ ብርዱ ጉልበታቸውን ያዛቸው። እኔ ገበያ ነበርኩ። አዴ ከሰል በረንዳ ላይ አቀጣጠሉ፤ ጭሱ እስኪያልቅ ታግሠው ጠበቁ፤ ፍም ሲሆን ማንደጃውን ወደ ክፍላቸው አስገቡና መስኮቱን ጥርቅም አደረጉ። በእሳቸው አገር ፍም ጭስ የለውም፣ ጭስ የሌለው ደግሞ ሰው አይገድልም። ያ የማይታየው ጋዝ ከፍም እንደሚወጣ እኔስ አንተን እስካገባ ድረስ የት አውቅ ነበር? የእሳቸው የጭቃ ቤት በጣሪያው፣ በበሩ ሥር፣ በየስንጥቁ ይተነፍሳል። የእኛ የአሉሚኒየም መስኮት አንዴ ከተዘጋ ግን ትንፋሽ አያሳልፍም።

ጣሪያ ላይ ያለችው የጭሷ ጡሩምባ ዝም አለች። አልተሳሳተችም፤ ጭስ የለም። ኮሪደር ላይ ያለችውም ዝም አለች። እሷን ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።

የደረሰችላቸው ሲፈን ናት። ከሥራ በጊዜ ተመልሳ "አዴ!" ስትል መልስ የለም። በሩን ስትከፍት አልጋው ጠርዝ ላይ ጋደም ብለዋል፤ አስመልሷቸዋል፣ ዓይናቸው ይንከራተታል፣ "ራሴን፣ ራሴን" ይላሉ። አንተ ያስተማርካትን አልረሳችም። ውኃ ላምጣ፣ እማዬ ጋ ልደውል አላለችም፤ በብብታቸው ይዛ ደረጃው ድረስ አወጣቻቸውና ከዚያ ነው "ድረሱልኝ!" ያለችው። እትዬ አስናቀች ከነሻሻቸው ወርደው በሌላው በኩል ያዙላት። ያ አጭሩ አማች ለካ ጉልበት አለው፤ አዴን ተሸክሞ መኪናው ድረስ ያደረሳቸው እሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስለ ቁመቱ አላወራም።

ክሊኒክ ስደርስ አፍና አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል። ተርፈዋል፣ ለሚዬ። አትደንግጥ፤ ተርፈዋል። በማግሥቱ ቤት ገብተው፣ ትራሱን ተደግፈው ሲያዩኝ ሲያዩኝ ቆዩና፣ "ልጄ፣ ያ ለሚ የሰቀላት ጡሩምባ ለምን ዝም አለች? እኔን አላወቀችኝም?" አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንዲህ እንዲያ ብዬ ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። ግን የአንተ ዓይን ነው ያላቸው፤ ለዚያ ዓይን ዋሽቼ አላውቅም። አውርጄ ጽሕፈትህን አሳየኋቸው። ሲፈን ጮክ ብላ አነበበችላቸው። አዴም፣ "ልጄ በሕይወቱም አንዴ ነው የሚናገረው። አንቺም ሁለቴ ካልተነገረሽ አትሰሚም" አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ፊደሉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ማንበብ እንደማይችሉ ታውቃለህ። ዳሰሱት ብቻ።

በሳምንቱ ከሲፈን ጋር ጉርድ ሾላ ወረድን። የመጀመሪያው ሱቅ፣ "እናቴ፣ ይቺ ለሁሉም ትሆናለች፤ ጭስም ጋዝም ሌባም!" አለኝ። ገለበጥኩና ጀርባዋን አነበብኩ፤ ስለ ጭስ ብቻ ነው የሚያወራው። "ሌባውስ የት ተጽፏል?" ስለው ሳቀ። ሦስተኛው ሱቅ ላይ ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ በግልጽ የተጻፈባት፣ የተሠራችበት ቀን ቅርብ የሆነ፣ የምትጣልበት ዓመት የታተመባት ተገኘች። የቀን ጽሑፍ የሌላትን እጄንም አላስነካኋት። ሻጩ፣ "እትዬ፣ መድኃኒት ነው እንዴ የሚገዙት?" አለኝ። ልክ ነው፣ አልኩት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ገባኝ፤ አንተ ነግረኸኝ ይሆናል፣ ሳልሰማህ። ቁልፉን ስጫናት የምትጮኸው ባትሪዋና ድምፅዋ ደኅና መሆናቸውን ልታሳየኝ ነው። ጋዙን የሚያሸተው ውስጧ ደክሞ እንደሆነ አትነግረኝም። እኔ ያንን ሁሉ ቅዳሜ የምሰማው ድምፅ ብቻ ነበር። ድምፅ ሰምቼ አለች እል ነበር።

ሲፈን በአንተ መሰርሰሪያ ሰቀለቻት። የመጀመሪያውን ቁልፍ አዴ ተጫኑ፤ ስትጮህ ደንግጠው "ያ ማርያም!" ብለው ወደ ኋላ ሸሹ፣ ከዚያ ሦስታችንም ሳቅን፣ ከዚያ አዴ አለቀሱ። ከመሰቀሏ በፊት ጀርባዋ ላይ በማርከር ዓመቱን ጽፌያለሁ። ከሥሩ ያንተኑ ቃል ገለበጥኩ። ፊደሌ እንደ አንተ አልተደረደረም፤ ይቅር በለኝ።

የቀድሞዋን ምን አደረግሻት ትለኝ ይሆናል። ግድግዳ ላይ የለችም። ሲፈን የጽሕፈትህን ፎቶ ወስዳ አትማልኛለች፤ እሱ ከሠርጋችን ፎቶ ጎን ተቀምጧል። ፕላስቲኳን ጣልኳት፣ ለሚዬ። ጣልኳት።

አዲሷ ከአንተዋ ትንሽ ታንሳለች። በዙሪያዋ ቀለበት የመሰለ ንጹሕ ቀለም ቀርቷል፤ አቧራና ጊዜ ያልነኩት፣ የአንተዋ ሸፍናው የኖረችው። እትዬ አስናቀች አይተው፣ "ቀለም ቀቢው፣ ያስጠላል" አሉኝ። አልቀባውም። በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ቁልፉን ስጫን ዓይኔ እዚያ ቀለበት ላይ ነው የሚሆነው። ማንደጃ እዚህ ቤት አይገባም፤ አዴም ብርድ ከያዛቸው ሁለት ጋቢ ይደርባሉ። ቃሌ ይኸው ነው።

ዕቃው ሁሉ ዓመቱ ሲያልፍ አላምነውም፣ አንተ እንዳልከው። አንተን ግን ዓመትህ ካለፈም በኋላ አምንሃለሁ።

የአንተው፣
ጥሩዬ