አዲሱ አስፋልት

ጁላይ 19፣ ፔለም ክሪክ፣ ቨርጂኒያ

ሮዛሊን ልጄ፣

ጃፓን ላይ መርከባችሁ በሰላም መግባቷን እናትሽ ነገረችኝ፤ ደስ አለኝ። እሷ ጉልበቷን ቢያማትም የኮክ ኬክ መጋገሯን አልተወችም። ወንድምሽ ክሌይ “ትንሽ ተጋጨሁ” ብሎሽ ስልኩን እንደዘጋው ሰማሁ። ትንሽ አልነበረም፣ ልጄ። ከእኔ ስሚው።

የመኪና መወዳደሪያችንን ኤፕሪል ላይ አዲስ አስፋልት አለበሱት። አሮጌው እንደ ሞረድ ነበር፤ ሠላሳ ዙር ሳይሞላ ጎማ ይጨርሳል። መጀመሪያ የሚጋልበው መጨረሻ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። እኔም ኋላም ክሌይ ያሸነፍነው በትዕግሥት ነው። እሱ ሲነዳ ሜዳው ሁሉ ከሚታይበት ማማ ላይ ሆኜ በሬዲዮ “ጠብቅ” እለዋለሁ፤ ሰዓቱ ሲደርስ “በል አሁን”። ዘጠኝ ዓመት በዚህ ኖርን።

አዲሱ አስፋልት ጎማ አይበላም። መኪናው ይከንፋል፤ አጥብቆ የሚይዘው ግን የውስጠኛው መስመር ብቻ ነው። የውጭው መስመር ገና በጎማ ስላልተረገጠ ያንሸራትታል። ስለዚህ ከፊት የተነሣ ከፊት ይጨርሳል።

ባለፈው ወር ክሌይ አሥራ አንደኛ ሆኖ ተነሣ። ጠብቅ አልኩት። ሃምሳኛው ዙር ላይም ጠብቅ አልኩት፤ መቶኛውም ላይ። የማንም ጎማ አልደከመም። እሱም እዚያው አሥራ አንደኛ ነው።

“አባዬ፣” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ምኑን ነው የምጠብቀው?”

ሮዚ፣ ጣቴ የመናገሪያው ቁልፍ ላይ ነበር፤ አልተጫንኩትም። ዝም ስለው ከፊቱ ያለውን በውጭ በኩል ሊያልፍ ወጣ። በድሮው ፍጥነት ቢሆን መኪናውን ቧጭሮ ይመለስ ነበር። አሁን ግን ተንሸራቶ የዳሩን ግንብ ሲመታው የቆምኩበት ወለል ተንቀጠቀጠ። ከማማው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ስደርስ በመስኮቱ እየሳቡ ያወጡታል። ግራ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ሁለት ቀን ሙሉ የእናትሽ ስም ጠፍቶት ነበር።

ሰው ሁሉ ሬዲዮው ተበላሽቶ ነው ይላል። እኔም እንደዚያው ብያለሁ።

ክሌይ አሁን ኦገስት መጨረሻ ላይ ወደ ውድድር እመለሳለሁ ይላል። ሐኪሙ ከለከለው፣ እናትሽ አለቀሰችበት፤ አልሰማም። እኔ ገና ተው ልል አፌን ስከፍት “አንተ ጎድንህ ተሰብሮ ነድተህ የለም እንዴ?” አለኝ። ነድቻለሁ።

ማክሰኞ ጋራዡ መጣ። ኮፍያውን በደህና እጁ አወለቀ።

“አባዬ፣ ቅር እንዳይልህ። በሬዲዮ የሚመራኝ ሌላ ሰው ይዣለሁ። አዲስ አስፋልት የለመደ ነው።”

“ደግ አደረግህ” አልኩት። “ማዳመጥስ እችላለሁ?”

“ማዳመጥማ ትችላለህ” ብሎ የጆሮ ማዳመጫ ሰጠኝ። መናገሪያ የለውም።

አንቺን ይሰማሻል፤ እባክሽ ደውለሽ ተው በይው። እኔ እንዳልኩሽ ግን አትንገሪው።

እግዚአብሔር በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። ለወንድምሽም እኔ የማልደርስበት ቦታ ላይ እሱ ይድረስለት።

አባትሽ
ቨርነን