ከበሩ ጀርባ የነበረው ከዘራ

ደርበው፣

መርሳ ሄጃለሁ። የባጃጇ ቁልፍ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ የኋላ ጎማዋ ስለሚተነፍስ ሳታስነፋ እንዳትነሳ።

የኢንሹራንሱን ስቲከር ዳዊትህ ውስጥ አገኘሁት። የሚካኤል ጠበል አስነክተህ ልትለጥፈው ኖሯል። ከሐምሌ ጀምሮ ይሠራል።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ደርሶ ከወልድያ ስንሸሽ፣ መርሳ መግቢያ ላይ ሽማግሌውን የገጨሁ ጊዜ፣ "ኢንሹራንሳችን አልፏል፣ መታሰሬ ነው" ብዬ ነበር ሳልቆም የነዳሁት።
አንተ አጠገቤ ነበርክ።
ለምን ዝም እንዳልክ አልጠይቅህም። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ትናንት ኢንሹራንስ ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ለእኛ ሳይሆን ለገጨነው ሰው ነው አሉኝ። ያሳክመዋል፤ ቢሞትም ለቤተሰቡ ይከፈላል። ስቲከሩ አምስት ወር ሙሉ ዳዊትህ ውስጥ ነበር።

ለመርሳ ፖሊስ ቃሌን እሰጣለሁ። ከቆየሁ ብርድ ልብሴን ልበሰው፤ ያንተ ሳስቷል።

ፊት ጎማዋ መከለያ ላይ ተሰክቶ የመጣውን የሽማግሌውን ከዘራም ይዤዋለሁ። ከበሩ ጀርባ ባቆምኩት ቁጥር ይወድቅ ነበር፤ አንተም ትሰማው ነበር።
በሕይወት ካሉ ይደገፉበታል። ከሌሉም ልጆቻቸው ያዩት ጊዜ ያውቁታል።

እንድሪስ